የሔዋን እንጆሪ

ጥቅምት 24

ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬም ጭር ብሎ ዋለ። ሁለት ተማሪዎች መጡ። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ፣ ሌላው እሱን ሊጠብቅ።

ማታ ቤት እንደገባሁ ሔዋን ከአዲስ አበባ ደወለች። አራተኛ ወሯን ይዛለች፤ የበላችው ሁሉ ይመለሳል። ሐኪሙ "ክብደትሽ እንዲህ እየቀነሰ ከሄደ እናስተኛሻለን" ብሏታል። የእህቴ ድምፅ እንዲህ ሲሳሳ ሰምቼ አላውቅም...

"ምን አማረሽ?" አልኳት።

"እንጆሪ።"

"እዚያ በየሱፐርማርኬቱ አለ አይደል?"

"እሱ ውኃ ነው። ከገደሉ የምንለቅመውን ነው የምልህ!"

እማዬ ከጓዳ ሰማች። እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ጉንጭ ወዲያው ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ አክስቴ ያኔ ኮክ አምሯት አጥታ ነበር አሉ። መከራከር ምን ዋጋ አለው?

ጥቅምት 26

በሮብ ገበያ መንገድ ወጥቼ ገደል ወረድኩ። ይህ እንጆሪ ሜዳ ላይ ቢበቅል ምን ይነካዋል? ሱሪዬ ተቀደደ። እጄ በቀይ እስክርቢቶ የታረመ የፈተና ወረቀት መስሏል። ግን አንድ ባልዲ ሙሉ! ነገ በማለዳው አውቶቡስ ይሄዳል።

ጥቅምት 28

"ወንድሜ፣ ጠጅ መጣል ጀመርክ እንዴ?"

ሔዋን ናት የደወለችው። ባልዲው መንገድ ላይ ፈልቶ ክዳኑን ወርውሯል። ባሏ ወንድምአገኝ ከመናኸሪያ ነጭ ሸሚዙን ቀይ አድርጎ ገባ። ሰው ምን ብሎ እንዳሰበው እንጃ።

ሳቀች... ከዚያ ስልኩን ጥላ ሮጠች። ወንድምአገኝ አነሳው። "ዛሬ ውኃም አልረጋላትም" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጥቅምት 29

ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ። ማድረቅ! ጌሾ ይደርቃል፣ ሥጋ ይደርቃል። እንጆሪን ምን ለየው?

ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ፈረንጆች ለዚሁ የሚሆን ማሽን አላቸው። እኛ ፀሐይ አለን፤ መብራት ቢጠፋም ትሠራለች።

እንደገና ገደል። እማዬ ሰፌድ አቀበለችኝ፤ "ንጹሕ ነው፣ አራግፌዋለሁ።" ለዝንቡ ደግሞ የክት ነጠላዋን ለመንኳት።

"ለእንጆሪ?"

"ለሔዋን።"

አውጥታ ሰጠችኝ።

ኅዳር 1

ጎረቤታችን መሪጌታ ታዲዮስ በአጥር በኩል አዩኝ።

"ምን እያሰጣህ ነው?"

"እንጆሪ ነው መሪጌታ። ሔዋንን አምሯት።"

"ሔዋን ፍሬ አማራት?" ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። "ባለፈው ጊዜ መጨረሻው አላማረም፣ ልጄ።"

ጥቂት ሄደው ተመለሱ። "ቢሆንም ላክላት። እኔም በጸሎት አስባታለሁ።"

ኅዳር 3

ማታ ጤዛ ሳይነካው አስገባለሁ፣ ጠዋት አወጣለሁ። ሥራ ቦታ ደግሞ በመስኮት ደመና ስጠብቅ እውላለሁ። አንባቢ የለ፣ ማን ይታዘበኛል?

ተሸበሸበ! ጠቆረ! ሲጨብጡት ጣት ላይ ቀለም አይተውም። ዲግሪዬን ስቀበል እንዲህ መደሰቴን አላስታውስም። (ያን ቀን ዝናብ ስለነበር ይሆናል።)

ኅዳር 4

ቀመስኩት። መጀመሪያ ጎመዘዘኝ። ቀጥሎ ጣፈጠኝ። ቀጥሎ አቃጠለኝ...

አቃጠለኝ?

ሰፌዱን አሸተትኩ። በርበሬ። እማዬ ሰሞኑን የቀነጠሰችበት ነው ለካ!

"አራግፌዋለሁ አልኩህ እኮ" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እያኘከች። "ምንም አላለውም።" ደግማ ዘገነች።

እንደገና ለማድረቅ ጊዜ የለም፤ ሔዋን ሐኪም ዘንድ የምትቀርበው በዚህ ሳምንት ነው። መንገዱም ዛሬ ክፍት ነው፤ የነገውን ማን ያውቃል? ላክሁት። ውኃ ለማይረጋላት እርጉዝ በርበሬ ላክሁ። ምን ዓይነት ወንድም ነኝ?

ኅዳር 6

አውቶቡሱ ትናንት ገብቷል። ሔዋን ስልክ አታነሳም።

ኅዳር 7

ወንድምአገኝ ደወለ። "ምን አድርገህበት ነው?"

ከወንበሬ ተነሳሁ። "ምን ሆነች?"

"በላች! ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምራ እየቆረጠመች ነው። አልተመለሰም። ዛሬ እንጀራም አስከተለችበት። እኔ ልቀምስ ብል እጄን መታችኝ!"

ከኋላው ጩኸቷ ይሰማል። "የሚያቃጥለውን ድገም በለው! የማያቃጥል እንዳይልክ!"

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮህኩ። በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩን ሊሞላ የመጣው ልጅ "ዝም በሉ" የሚለውን ማስታወቂያ በጣቱ አሳየኝ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሰፌዱን እንዳላጥብ አዘዘችኝ። "አውቄ ነው" አለች። አላመንኳትም፤ ግን ሳምኳት።

ኅዳር 9

ክብደቷ ጨመረ! አልጋ አልያዘችም።

ታኅሣሥ 5

ሔዋን መጣች! ሐኪሙ መንገዱን ፈቀደላት። የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው ብላ፣ እስክትወልድ እዚሁ ልትቆይ ነው። ከባጃጁ ሆዷ ቀድሟት ወረደ። ጉንጯ ሞልቷል። እማዬ እልል ስትል መሪጌታም ከአጥር ወዲያ አጀቧት።

የወቅቱን የመጨረሻ እንጆሪ ጠዋት አስጥቼላት ነበር። ከሥራ ስመለስ ሰፌዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ቀልቷል።

"ሔዋን! ገና እርጥብ ነው እኮ!"

"እና?"

"ሳይደርቅ..."

"እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ለማን ነው የምታደርቀው?"

እውነቷን ነው። በርጩማ ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሰፌዱ ላይ ጥቂት ቀርቶ ነበር... ጨረስነው።