የቁጥር አራት ሐሙሶች

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣
ዝናቡ ካባራ በሦስተኛው ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለጅራቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አኩርፎኛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰሚዋለሽ። የተማረ ሰው ጅራት አይባልም ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ደን ጠባቂ ሳለሁ ከኋላዬ የማትጠፊው አንቺ ነበርሽ። ትምህርትሽን ስትጨርሺ ዶክተር ጅራት እልሻለሁ።

ዛሬ የተከልሻቸውን የአውሬ ካሜራዎች ከባለቦቷ ጋር ስንሞክር ዋልን። ከመሥሪያ ቤትሽ የምትላከዋን ቴክኒሻን ማለቴ ነው፤ ቦት ጫማዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። የአሥራ ሁለቱንም ባትሪ ቀየርን፤ በጉልበት ልክ ከግንድ ጋር አሰርናቸው፤ ፊታቸውን ከፀሐይ አዞርን፤ ከፊታቸው ያለውን ሣር አጨድን። ቁጥር ሰባት ነፋስ ሣሩን ባወዛወዘ ቁጥር እያነሳ ሦስት መቶ ፎቶ ልኮልሻል አሉ። በሬ ብትሆኚ ኖሮ ምራቅሽን ትውጪ ነበር። የእኔ ሥራ ከፊታቸው ማለፍ ነው። ሳልፍ ቀይዋ መብራት ብልጭ ትላለች፤ እሷን ካየን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።

ቁጥር አራት ጋ ስንደርስ ግን ሥራውን አስቆምኩ። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አወራሁልሽ።

ለትምህርት ባሕር ማዶ ከመሄድሽ በፊት ያንን ካሜራ ምንጩ አጠገብ ስታስሪ፣ አያትሽን «እማማ፣ እስቲ እለፊ» ብለሻት ነበር። አለፈች፤ ምስሏም ወዲያው በስልክሽ መጣ፤ ሦስታችንም ሳቅን። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እሷ ግን በዚህ ያለፈ ሰው ልጅቱ ዘንድ ይደርሳል ብላ ያዘች።

ጆሮዋ ስልክ እንደማይሰማላት ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቁጥር አራት ስልኳ ሆነ። በየሐሙሱ ታጥባ፣ ሻሿን አስራ ትሄዳለች፤ ካሜራው ፊት ቆማ እጇን ታውለበልባለች፤ ትመለሳለች። «እንዳትነግራት። ሰላም ያለ ሰው ደረሰሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ልመና ይሆናል» ትለኝ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ካሜራው እኮ ለአውሬ ነው!» ስላት፣

«ታዲያ አንተ ዝንጀሮ፣ ተራህን ጠብቅ!»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዝንጀሮ ነበርኩ፤ ከሌላ ስም ይልቅ ለምጄው ነበር።

አሁን የምናዘዘውን ስሚኝ። ከመሞቷ አምስት ወር በፊት ባለቦቷ ባትሪ ልትቀይር መጥታ ነገሩን አጫወትኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ከሄደች ወዲህ ደንቡ ተቀይሯል እኮ። ማሽኑ ሰው ያለበትን ፎቶ አይልክም፤ የመንገደኛ ምስል እንዳይበተን ለይቶ ያስቀረዋል። እሷ ጋ የሚደርሰው የአውሬው ብቻ ነው» አለችኝ።

ለአያትሽ ልነግራት ወስኜ ቤት ገባሁ። ሻሿን እየተኮሰች ነበር። ቀና ሳትል «ልጅቱ ስትደውል ምን አለች?» አለችኝ። ምላሴ ለውሸት ሰንፎ አያውቅም፤ ቢጫው ሻሽ ያምርባታል ብላለች አልኳት። ውሸት ሲያንሾካሽኩት ይቀላል፤ እኔ ግን በጆሮዋ መጮህ ነበረብኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሻሽ አላደረገችም።

የመጨረሻው ሐሙስ እግሯ አልቆም ስላላት በእጅ ጋሪ ገፋኋት። «እንደ ሲሚንቶ ትገፋኛለህ?» አለች። «ሲሚንቶ እንኳ ዝም ይላል» አልኳት። ከካሜራው ፊት ለፊት ያለውን ግንድ ተደግፋ ቆመች፤ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አውለበለበች። ከዚያ «በቃ፣ አይታኛለች» ብላ ጋሪው ላይ ተቀመጠች። ሰኞ ጠዋት አረፈች።

አንቺ አውሮፕላን ሳታገኚ ቀብሩ አለፈ። «አባባ፣ ሳትሰናበተኝ!» እያልሽ በስልክ ስታለቅሺ ዝም ያልኩት፣ ቃል ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ። ውሸቴ አፌን ይዞኝ ነው። አርባ አንድ ሐሙስ ሄዳለች፤ ሃያ ሁለቱን እኔ እያወቅኩ ለዛፍ አውለበለበች። እውነቱን ብነግራት ኖሮ ደብዳቤ አጽፋኝ፣ የአንቺንም መልስ ሰምታ ትሄድ ነበር። ይህን ነው የነፈግኋችሁ።

ዛሬ ባለቦቷ ሳጥኑን ከፍታ «ከሙከራ በፊት በካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ይጠፋል፤ ደንብ ነው» አለችኝ። እጇን ያዝኩት።

«ምነው አባባ?»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ሚስት ነበረው?»

አልሳቀችም። ፎቶዎቹን በካሜራው ትንሽ መስኮት አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። ማሽኑ ያልላከውን ሁሉ ካርዱ ይዞት ኖሯል። ቢጫ ሻሽ። ቢጫ ሻሽ። ድኩላ። ቢጫ ሻሽ። ካርዱን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችውና «ተበላሽቶ ተቀየረ ብዬ እጽፋለሁ» አለች። ከዚያ ከቦቷ ጭቃ ስትፍቅ ቆየች፤ ያን ያህል ጭቃ አልነበረበትም።

ሙከራው ግን ይቀረን ነበር፤ አዲስ ካርድ ሲገባ ፎቶ መላኩ መታየት አለበት። ሰው ቢያልፍ ፎቶው አይላክም። እኔም የማዳበሪያ ጆንያ ጀርባዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በአራት እግሬ ሆኜ ካሜራው ፊት አለፍኩ። ጉልበቴ ያኮረፈው ለዚህ ነው። ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ፤ ባለቦቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት አነበበችልኝ፦ «ቁጥር አራት፤ ዝንጀሮ፤ አንድ።»

ይኸው፣ ማሽኑም ለአያትሽ መሰከረላት። ልነግራት ወደ ቤት እየሮጥኩ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ነው ትዝ ያለኝ።

ካርዱን በወረቀት ጠቅልዬ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የመጨረሻውን ፎቶ መጨረሻ ላይ ክፈቺው። ዳር ላይ የሚታየው የጋሪው ጎማና የእኔ ክርን ነው። አልተሰናበተችኝም ያልሽው ልክ አይደለም፤ መልእክተኛዋ ነኝ ያጠፋሁት። እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ፤ ተቀየሚኝ፣ ግን ደውለሽ ተቀየሚኝ።

እሷ ደጋግማ የመረቀችሽ ምርቃት ሁሉ ይድረስሽ። ከአንቺ የሚሰወር ክፉ እንጂ ወዳጅ አይሁን።

ሐሙስ ሐሙስ በቁጥር አራት አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ሲያልፍ ብታዪ፣ ለጥናትሽ አትቁጠሪው፤ ግን አትሰርዢው። በሦስት እግሩ ሆኖ አንዱን እጁን የሚያውለበልበው እሱ ነው።

አያትሽ፣
ዝንጀሮው