እጥፋት የሌለው ብስክሌት

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሐል ላይ ቆመሽ "እስቲ ትንሽ ልተንፍስ" ትያለሽ ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ አለኝ ብለሽ ነበር። አባዬ ያስገባልሻል ወይስ እሱም ክሩን በምራቁ እያሾለ ሲጨርሰው ይውላል? እህቴ፣ ባሏ፣ ትንሿ ልጃቸው፣ ጎረቤቶቻችን፣ ሁላችሁም እንደምን ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። "በጣም" ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ስትሰሚው ይገባሻል። አባዬ፣ አንተም መነጽርህን ጥረግና ቀስ ብለህ አንብብላት። እየዘለልክ እንዳታነብ፤ አንተን ያማሁበትንም ቢሆን።

የመጨረሻ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። "ሐኪሙ ከእንፋሎት ራቂ ካለሽ፣ ሌላ ሥራም ከሌለ፣ እልህ አትጋቢ። ክፍልሽ እንዳለ ነው፣ አልጋሽ ላይ ማንም አልተኛም፣ ነይ" ብለሽኛል። አንጀቴን በላሽው። መልስ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ችላ ብዬ እንዳይመስልሽ። ልምጣ ወይስ ልቅር የሚለው ነገር በአንድ ብስክሌት ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላውንደሪያችንን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ የሆቴል አንሶላና ፎጣ፣ የክሊኒክ ጋዋን እያጠብን ተኩሰን እንመልሳለን። እኔ ደግሞ የእንፋሎት መተኮሻው ላይ ነበርኩ። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ሌሎቹን ሆዳቸው ላይ ሲመታቸው፣ እኔን በቁመቴ የተነሳ ፊቴ ላይ ነው የሚያርፈው። ሳሉ ከዚያ መጣ። ሐኪሙ የነገረኝን ለላውንደሪው ባለቤት ለእትዬ ስነግራቸው፣ ከእንፋሎት ውጪ ያላቸው ሥራ አንድ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ልብስ የሚያደርሰው ሰውዬ ለቆ ሄዷል፤ ብስክሌት መንዳት የምችል ከሆነ ቦታው የእኔ ነው። እኔም አፌን ሞልቼ "እችላለሁ" አልኳቸው። ደግሞ እችላለሁ፤ ያን ጊዜ የአጎቴ ልጅ ሲያስተምረኝ ጉልበቴ ተልጦ ስትጮሂብን የነበረውን አትረሺውም። ችግሩ መንዳቱ ላይ አልነበረም። የሄደው ሰውዬ በበር ሲገባ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ነበር፣ ብስክሌቱም እንደ ባለቤቱ ነው። አጠገቡ ስቆም ወንበሩ ደረቴ ላይ ይደርሳል።

እዚህ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሥራ አለ። ከፊት የእኛ ላውንደሪ፣ ከጎን የልብስ ሰፊው ክፍል፣ ከኋላ የበያጁ ቆርቆሮ ጣሪያ። ምሳ የምንበላው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ የአንዱ ጉዳይ የሁሉም ነው። ሰፊው ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። "አዝራር" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ "ትንሽ ናት፣ ግን እሷ ከሌለች ልብሱ አይያያዝም" ይላሉ። ከእኔ ጎን የምትተኩሰው ጓደኛዬ ደግሞ ቀጭኔ ትባላለች። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የብስክሌቱ ወሬ በተሰማ ዕለት ምሳ ቀዘቀዘ። ቀጭኔ፣ "እኔ ልንዳ፣ አንቺ ደወሉን ምቺ" አለች። በያጁ፣ "ለአዝራር ብስክሌት ከመፈለግ መንገዱን ከፍ ማድረግ ይቀላል" አለ። ጋሼ ደግሞ የሚሳደቡ እንዳይመስልባቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሕፃናት ማቆያ በር ላይ ጠዋት ጠዋት ብንቆም፣ አንዱ አድጎ የሚጥለው አይጠፋም" አሉ። እኔም ዝም አላልኩም። ለቀጭኔ፣ "አንቺማ ሳይክል ላይ ስትወጪ የመብራት ሽቦ ይጠልፍሻል" አልኳት። እማዬ፣ አትናደጂባቸው። በእንፋሎቱ ምክንያት ሳስል ውኃ ይዘው የሚሮጡት እነዚሁ ናቸው።

ቅዳሜ ከቀጭኔ ጋር ብስክሌት መሸጫ ሄድን። ሻጩ ቀጭኔን አየና፣ "ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" ብሎ ስለ እኔ እሷን ጠየቃት። እሷ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ሠላሳ ልትሞላ ነው፣ ግን ለዕድሜዋ ትንሽ ናት" አለችው። ሰውዬው ደንግጦ ይቅርታ ሲጠይቅ ሌላው ደንበኛ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በቁመቴ የሚሆነኝ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ሮዝ ቀለም፣ መሪው ላይ ሪባን የተንጠለጠለበት፣ ፊቱ ላይ የአሻንጉሊት ቅርጫት ያለው። ተቀመጥኩበት፣ ልክክ አለ። ግን የሆቴል አንሶላ ሙሉ ከረጢት ቢጫንበት እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ትተነው ወጣን፤ ቀጭኔ ግን ቅርጫቱ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

በመጨረሻ መፍትሔ ያመጣው በያጁ ነው። "ብስክሌቱ ትልቅ ከሆነ እንቆርጠዋለን፣ ምን ያስጨንቃችኋል?" አለ። እትዬን ስንጠይቃቸው፣ "እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ ብቻ ይሂድ" አሉ። ጋሼ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ግቢው መሐል ቀጥ አድርገው አቁመው የእግሬን ቁመት ለኩ። ቁጥሩን ለበያጁ በዚያ ጎላ ባለ ድምፃቸው ጮክ ብለው ነገሩት፣ እሱም ቱቦው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ላዩን የተጋደመውን ብረት ዝቅ አደረገው፣ ወንበሩን የሚሸከመውንም ቆረጠው። ወንበሩን ደግሞ በብሎን አላሰረውም፤ ከነቱቦው በየደው። በያጅ ብሎን አይወድም። "ብሎን ይፈታል፣ ብየዳ ግን ቃል ነው" ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ከረጢቱ ተጭኖ፣ እትዬም በር ላይ ቆመው ሊያዩኝ ተዘጋጁ። ከግቢው ደረጃ ላይ ተነስቼ ወጣሁበት። ሄደልኝ፣ እማዬ። አንድ ዙር ዞርኩ፣ ሁለተኛውን ዞርኩ፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ላቆም ስል እግሬ መሬት ፈለገ፣ መሬት ግን አልተገኘም። ፍሬን ብይዝ በጎኔ ልወድቅ ነው፣ ስለዚህ መዞሬን ቀጠልኩ። ቀጭኔ ብስክሌቱን ልትይዝ ስትሮጥ፣ ጋሼ "ያዟት፣ ያዟት" ሲሉ፣ በያጁ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ እኔ በእትዬ ፊት ለፊት አንገቴን ሰበር እያደረግኩ ሰላምታ እየሰጠሁ አልፋለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? በስንተኛው ዙር እንደሆነ እንጃ፣ ቀጭኔ ከረጢቱን ከኋላ አቅፋ አስቆመችኝ።

እትዬ አልሳቁም። "ማቆም የማይችል ሰው ሆቴሉን አልፎ ይሄዳል" አሉ። "ሰኞ ጠዋት እንደገና አያለሁ። ያኔም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው፣ አትቀየሚኝ።" አልተቀየምኳቸውም፤ አንሶላ የሚጠብቅ ሆቴል አለባቸው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መልእክትሽን እንደገና አነበብኩ። "አልጋሽ ላይ ማንም አልተኛም" የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሻንጣዬ የት እንዳለ ዓይኔ ፈልጎ ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥኩበትና ከጫማዬ ሥር እጄን አስገባሁ። በእግሬና በመሬቱ መሐል ያለው ክፍተት ልክ አራት ጣት ነው። አራት ጣት። ይህን ልክ የት ነው የማውቀው ብዬ ሳስብ፣ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የእህቴን ቀሚስ ለእኔ ስታሳጥሪ ከሥሩ ወደ ውስጥ የምታጥፊው አራት ጣት። ወዲያው ወደ ሰፊው ክፍል ገባሁና፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን ሲለኩኝ ለእጥፋት ጨምረዋል እንዴ?" አልኳቸው። መቀሱን አስቀመጡ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እግሬ አዩ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ እኔ እጥፋት ሳልጨምር ልክ ተናግሬ አላውቅም፤ አፌ ራሱ ነው የሚጨምረው" አሉ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይህ ነው። በያጁ ይህን ሲሰማ ጭምብሉን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ ሱሪ ቢረዝም ይታጠፋል፤ ብረት ወዴት ልጠፈው?" አለ። ጋሼም፣ "አንተስ ብሎን ብታስርበት ምን ነበረበት?" አሉት። አንዱ ይታጠፋል ብሎ ጨመረ፣ ሌላው እንዳይነቃነቅ ብሎ በየደ፣ እኔ መሐል ላይ ቀረሁ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ስቄ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ውስጤ ገባ፣ እሱንም ልንገርሽ። እማዬ፣ በሕይወቴ የለበስኩት ሁሉ እጥፋት ነበረው። "ታድግበታለች" ትይ ነበር። ልጅ እያለሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ከቀሚሱ ሥር ገና የሚመጣ ቁመት የተቀመጠልኝ ይመስለኝ ነበርና። ኋላ ላይ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እጥፋቱ ሳይፈታ ቀሚሱ ሲያልቅ፣ አንዳች ዕዳ ያለብኝ ይመስለኝ ጀመር። አንቺ በፍቅር ነው ያደረግሽው፣ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሳስበው፣ እናንተ ሳድግ ለማየት ስትጠብቁ፣ እኔም ራሴን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አርብ ዕለት መጠበቁ በቃኝ።

ሜትሩን ከጋሼ እጅ ወሰድኩ። የሥራ ጫማዬን እንዳደረግኩ ራሴ ለካሁ፣ ቀጭኔ ጫፉን ከታች ያዘችልኝ። ቁጥሩን ራሴ ለበያጁ ነገርኩትና፣ "ዛሬ ያለሁትን ያህል ቁረጥ፣ ከዚህ በላይም ከዚህ በታችም አይደለሁም" አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለ በራሱ እያላገጠ እንደገና ቆረጠው። ወንበሩን ግን ያው በየደው፤ ሰው ጠባዩን አይለቅም። ቀጭኔ ቅርጫት ይበየድላት ብላ ብትለምንም ሰሚ አላገኘችም።

ሰኞ ጠዋት ከደረጃ ሳልነሳ ከመሬት ወጣሁ። ከረጢቱን ጭኜ ከግቢው ወጥቼ፣ መንገዱን ዞሬ ተመልሼ መጣሁና እትዬ ፊት ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ነበሩ። እትዬ ወደ ጫማዬ አዩ፣ ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን የኋላ በር ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። "ክሊኒኩን አስቀድሚ፣ እነሱ ሲዘገይባቸው ይቆጣሉ" አሉ። ከኋላዬ ግን ጋሼ መሐረባቸውን ሲፈልጉ ሰምቻለሁ።

አሁን የከተማውን የኋላ በር ሁሉ የማውቅ ሰው ሆኛለሁ። የሆቴሎቹን ወጥ ቤት መግቢያ፣ ክሊኒኩ ውስጥ አሳንሰር ሲበላሽ የትኛው ደረጃ እንደሚያሳጥር፣ የትኛው ዘበኛ ጠዋት እንደሚነጫነጭ። ከረጢቱ ስለሚከልለኝ ከኋላ አልታይም። የሆቴሉ ዘበኛ የመጀመሪያ ቀን፣ "አንሶላ ብቻውን ብስክሌት እየነዳ ሲመጣ አየሁ" ብሎ ለሁሉም አውርቷል፤ አሁን በሩን ቀድሞ የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ሳሉም ለቀቀኝ። ሐኪሙ ጀርባዬን አዳምጦ "ምን አደረግሽ?" ሲለኝ፣ "አጠርኩ" አልኩት፣ አልገባውም።

ስለዚህ እማዬ፣ መልሴ ይኸው። አልመጣም። ማለቴ ለመቅረት አልመጣም፤ የዓመት ፈቃዴ ሲደርስ እመጣለሁ፣ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ፣ ጉልበትሽን እሽልሻለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ይህን ስትሰሚ ትንሽ እንደምታዝኚ አውቃለሁ፣ እኔም አዝናለሁ። ናፍቆቱ አይቀልም። ግን ወድቄ ከምመጣልሽ ቆሜ ብመጣልሽ ይሻላል፣ አንቺም ብትሆኚ የምትመርጪው ይህንኑ ነው። እስከዚያው ክፍሌን አትቆልፉት፤ የእህቴ ልጅ ትጫወትበት፣ አልጋውም ላይ ትዝለልበት።

አባዬን በጣም አድርጌ ሳምኩት፤ ክር ማሾሉን ትቶ አንድ ጊዜ በትዕግሥት እንዲሞክር ንገሪልኝ፣ ራሱ እያነበበ ስለሆነ ሰምቶኛል። እህቴን ሰላም በይልኝ፤ ከእንግዲህ ቀሚሶቿን ለእኔ ብላ እንዳታስቀምጥ፣ ቁመት ላላት ትስጥ። ባሏን ሰላም በይው፤ ስመጣ በብስክሌት እሽቅድምድም እንደምንገናኝ ይወቅ። ትንሿን ልጅ ግንባሯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንንም፣ "እቺ ልጅ መቼ ነው የምታድገው?" እያሉ ሲያሾፉብኝ የኖሩትን፣ አድጋለች በያቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለእኔ ያስቀመጥሽውን ሰማያዊ ጨርቅ እስክመጣ ልትሰፊው እንደሆነ ነግረሽኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ክር አለ፤ ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ሥር የለካሁት ነው፣ ጋሼም ቀጭኔም ምስክር ናቸው። እጥፋት አትተዪበት። ማደጌን ጨርሻለሁ። ክሩ ያለቀበት ላይ ቁረጪው።

ልጅሽ፣
አዝራር

ከላውንደሪው ጀርባ ከተከራየኋት ክፍል
እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን