ሔርሜላ ጨርቅ ያሰረችበት ቅጠል

መስከረም 9
ጎረቤት ያመጣውን ቆጮ ቀመስኩ። ልጄ ሔርሜላ ከሞተች አስራ አንድ ቀኗ። ከይርጋጨፌ ስትመለስ የተሳፈረችበትን ሞተር ያንሸራተተው ዝናብ ዛሬም አላባራም። የሚወስደው ምን ቀረው?

መስከረም 11
የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ከዲላ ደወለ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ" አለና ወዲያው፣ "ተክሉ ግን አለ?"
አለ አልኩት። ቡናው ስር፣ ምንጩ ዳር... ሔርሜላ ለትምህርቷ የምታጠናው፣ እንሶስላ የሚመስል ትንሽ ቅጠል። ደኑ ሲመነጠር ሌላ ቦታ ጠፋ፣ የቀረው ምናልባት እኛ ጋ ብቻ ነው ብላኝ ነበር። የድሮ ዩኒፎርሟን ቀድዳ፣ ዙሪያውን እንጨት ተክላ ሰማያዊ ጨርቅ አሰረችበት። "እማ፣ አደራ፣ ማንም እንዳይነካው።" ሳቅኩባት። ለቅጠል ዘበኛ ልሁን?
ስለ ልጄ አንድም አልጠየቀኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

መስከረም 14
ጎረቤቶቼ በደቦ መጡ። ለቀማ ሳይደርስ የቡናዬን ስር ሊመነጥሩልኝ። ሐዘንተኛ ማሳ አይወጣም፣ ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ገጀራው ይሰማኛል... ጨርቁን ያዩታል ብዬ።
ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ጸሐይ ጨርቆቹን አጥባ፣ አጣጥፋ አመጣችልኝ። "የልጅቷ ዩኒፎርም ነው፣ ጭቃ ላይ እንዳይቀር ፈትቼ ሰበሰብኩልሽ።"
"ቅጠሉስ?"
"የቱ? አረሙ? ሙልጭ አድርገን አጸዳንልሽ።"
ውጪልኝ አልኳት።

መስከረም 15
ጨርቁን አይተው ልጄን አሰቡ። ከስሩ ያለውን ግን ማንም አላየም። ለአንቺ ብለን ነው ይሉኛል። እንዲህ ያለው ደግነት ይቅርብኝ።
እኔስ? ገጀራውን እየሰማሁ ምን አስቀመጠኝ? የሰው አፍ ፈርቼ? አንድ ነገር ብቻ ነው አደራ ያለችኝ። አንድ።

መስከረም 16
ጸሐይ ደጅ ቆማ ጠራችኝ። አልመለስኩላትም።

መስከረም 21
ወጣሁ። ያሉትን ይበሉ።
የታጨደውን ክምር ገለበጥኩት። አብዛኛው በስብሷል። ከሔርሜላ ቅጠል ስድስት ቁራጭ ግን እርጥቡ ላይ ተኝቶ አንጓው ላይ ነጭ ስር አውጥቷል። ምንጩ ዳር መልሼ ተከልኩት።

ጥቅምት 18
ሁለቱ ሞቱ። አራቱ ይዘዋል።
ለመምህሩ ደወልኩ። ስለ ተክሉ ሊጠይቀኝ ሲል፣ መጀመሪያ ስለ ልጄ ጠይቀኝ አልኩት። ጠየቀኝ። ብዙ አወራሁት።
ዝናቡ ከቆመ ሳምንቱ። ምንጩም ቀጥኗል። ጨርቆቹን መልሼ ሳስር፣ ምንጩ ዳር ስመላለስ አይታኝ ነው መሰል፣ ጸሐይ ጄሪካን ተሸክማ ከታች ከወንዙ መጣች።
"የትኛውን ላጠጣ? አሳይኝ፣ እኔ አላውቀውም።"
በጣቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው።
ይቅር አላልኳትም። ጄሪካኑን ግን በአንድ ጎን ያዝኩላት።