ቀይ ቀለም ከደጃፋችን እስከ ወንዙ

ይድረስ ለጉንዳኗ የወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴና ከምላሴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ፣ ምላሴ አላርፍ ብለዋል።

ከአገራችን ተሰደን እዚህ ጫካ ስንገባ አባትሽ በየዛፉ ቀይ ቀለም እየቀባ መንገድ ያወጣልን እንደነበር መቼም አትረሺውም። «አጎትሽን ያለ ቀለም ከለቀቅሽው አውሬ እንኳ ፈልጎ አያገኘውም» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ዘንድሮ ቀቢው እኔ ሆኛለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት አባትሽ ውሃ ሊቀዳ ወጣ፤ ሲመሻሽ ጎረቤታችን አናጢው እጁን ይዞ አመጣው። ባልዲው ባዶ ነበር። «ጫካው አርጅቷል፤ መንገዱን ይረሳል» አለኝ አባትሽ። እኔም በማግስቱ ከደጃፋችን እስከ ወንዙ ዛፎቹን ሁሉ ቀባኋቸው። መቶ እርምጃ አይሞላም። አናጢው «ለዚች መንገድ ነው ይሄ ሁሉ?» ሲለኝ «ቀለም ተርፎኝ ነው» አልኩት።

እውነትም ተርፎኛል። ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶሽ ሥር ስምሽን በትልቁ ጻፍኩበት። ቤት አበላሸህ ብለሽ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ ነይና ተቆጪኝ። ዝናቡ ቀለሙን ሳያጥበው ብትመጪ ደግሞ መንገድ አትስቺም።

ትናንት ደብዳቤሽን ሳነብለት ደስ ብሎት እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! አባቷ ታድሏል» አለ።

«በጣም እንጂ» አልኩት።

በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ጉንዳኔ። አባትሽም «ለዚያች ልጅ ሰላም በልልኝ» ብሏል።

ምላሱ የማያርፈው አጎትሽ