ቦታሽ እንዳይቀዘቅዝ

ጅማ፣ ሄርማታ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሂንድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አንቺስ ወገብሽ ጠና ወይ? ባህሪያ ጡት አጥብቃ ያዘች? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? ሾፌሩ ደሬሳ ባለፈው ከእናንተ ሲመለስ «ልጅቷ ቁርጥ ሂንድን ናት፣ ስታለቅስ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይመስላል» ብሎ አስቆኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽም እሱው ነው። ፌስታሉ ውስጥ ለባህሪያ ሁለት የክር ኮፍያ፣ ላንቺ አብሽ፣ ለእማዬ የጉልበት ቅባት አለ። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን እዚያ ከጎሬ ማዶ ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ አርባሽ ሳይወጣ ከቤት አትወጪም። ወንድማችን ሀቢቡላህ ወጥቶ ሰምቶ ወርዶ ይንገራት እንዳልል፣ የሰማውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ነው የሚደርሰው።

አራስ ክፉ አይነገራትም ይባላል፤ አውቃለሁ። እማዬ አጠገብሽ ካለች ስለ ኮፍያውና ስለ ቅባቱ ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላትና ቀሪውን ብቻሽን ስትሆኚ ጨርሺው። ልብሽ እንዳይሰቀል መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ዳቦ ቤት ያለው ሥራሽ አለ። ግን ጠፍቶ ነበር። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ጋሽ እሱባለው ሒሳብ ቢሮ የገባሁ ሰሞን እንዴት እንዳደረገኝ ታስታውሺያለሽ። የሒሳብ ሥራ ግብር ማስላት ብቻ አይደለም እያልኩ ራት ላይ አሰለችሽ ነበር። አንድ ትንሽ ዳቦ ቤት ወይም ልብስ ሰፊ ቤት ሠራተኞቹ ውል እንዳላቸው፣ ጡረታቸው እንደሚገባ፣ የዓመት እረፍታቸው እንደተያዘ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱ ሕጉን የሚያውቀው ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ሲቆም ነው፤ እኛ ቀድመን ብንደርስለት ግን እሱም አይቀጣም፣ ሠራተኛውም አይበደልም እልሽ ነበር። አንቺ ሙሉ ቀን ሊጥ ስታድበለብዪ ውለሽ ዓይንሽ እየተከደነ «እሺ ከውሲ፣ ብቻ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ» ትይኛለሽ።

አንቺ ወደ እማዬ በሄድሽ በሳምንቱ አሠሪሽ ሐጂ አብዱልሃዲ እኛ ቢሮ መጡ። ጎረቤታቸው ያለውን ብሎኬት አምራች ተቆጣጣሪ መጥቶ የሠራተኞችህን ውል አሳየኝ ብሎታል፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ሁሉ ዘመን ለአንድ ሰው ወረቀት ሰጥተው አያውቁም። ጋሽ እሱባለው ወደኔ ዞረው «ይቺን ላንቺ ሰጥቻለሁ» አሉ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ፣ ያውም የአንቺ ዳቦ ቤት። እኔን ያስተማረኝን ዳቦ ቤት በሕግ ላቆመው ነው ብዬ መሬት አልበቃኝም።

ጠዋት ዳቦው ከወጣ በኋላ ሐጂ ሠራተኞቹን ሁሉ ሊጥ ማድበልበያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰቡልኝ። ጋሽ እሱባለውም መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። የዱቄት ጆንያ ተደግፌ ንግግር አደረግሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ በሕግ ፊት ሠራተኞች ናችሁ» አልኩ።

«እስከ ዛሬ በማን ፊት ነበርን?» አለ ምድጃው ላይ ያለው ጀቤሳ።

«አንተ በእሳት ፊት» አሉት ሐጂ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ ግን ኮስተር ብዬ ቀጠልኩ። «ወረቀት ላይ የሌለ ሠራተኛ የለም» አልኳቸው። ሳስበው ጥሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ውሸት መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም፤ ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው፣ መብቱን አያጣም። ይህቺን ጥያቄ ፈተና ላይ መልሼ ሙሉ ማርክ አግኝቼባታለሁ።

ከዚያ ሐጂ ከጠረጴዛው ጫፍ ጀምረው ስም ጠሩ፣ እኔ ጻፍኩ። አንቺ ቦታ፣ መሸጫው መስኮት አጠገብ፣ ቆማ የነበረችው እስክትመለሺ ብለሽ የተካሻት ሩፈይዳ ናት። እሷን ጠሩ። ቀጥሎ አንቺን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠሩሽም።

ሂንዴ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። አልረሳሁሽም። ብዕሬን አንስቼ ነበር። ግን ጋሽ እሱባለው በሩ ላይ ሆነው እያዩኝ ነው፣ ሠራተኞቹ እያዩኝ ነው፣ «ገና ሥራ ሳትጀምር የራሷን እህት አስገባች» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስትመለስ ቀስ ብለን እናስገባታለን አልኩ በሆዴ። ይሉኝታ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ የቆምኩትን ላንቺ ለመቆም አፈርኩ።

ለካ ያፈርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሐጂ በኋላ ሲነግሩኝ «እህቷ ጸሐፊዋ ሆና ቆማ እኔ ሂንድን ጻፊ ብላት ያላመንኳት አይመስልም? ደግሞ የቤት ልጅ በስም ትጠራለች እንዴ?» አሉኝ። ሩፈይዳም ዝም ያለችው ውሉ አንቺ ስትመጪ የሚቀር መስሏት ነው። እኔ ግን የሩፈይዳን ውል እንደ ሌሎቹ ማብቂያ የሌለው አድርጌ ጻፍኩት። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችን ሠራተኛ የሚተካ ሰው «እስክትመለስ ድረስ» ተብሎ በጊዜያዊ ውል እንዲቀጠር ሕጉ ራሱ መንገዱን አስቀምጦት ነበር። አንድ መስመር ነበረች የጎደለችው።

ደመወዝ ሊሠራ ሲል የአንቺን የወሊድ ፈቃድ ፔሮሉ ላይ ላስገባ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። እኔው የገዛሁላቸውን አረንጓዴ ፋይል አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ።

«ኢንተላ ኮ፣ አይ ልጄ፣ የታለች?»

«ሐጂ፣ ሂንድ እኮ ናት።»

«ሂንድንማ አውቃታለሁ ልጄ። እዚህ የታለች ነው የምልሽ። ወረቀት ላይ የሌለ የለም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? ጋሽ እሱባለውንም ደውዬ ጠየቅኳቸው፤ በወረቀቱ ሂዱ አሉኝ። ቦታው ሩፈይዳ ሆኗል።»

ቢያሾፉብኝ ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው። የተማረች ልጅ ናት ብለው አምነውኛል፣ ሕግ ያከበሩ መስሏቸዋል። ዘጠኝ ዓመት አብራቸው የኖረችውን ልጅ በኔ ቃል ነው ያጧት።

ቢሮ ተመልሼ ለጋሽ እሱባለው ተሳስቼያለሁ፣ ማስተካከያ ጽፈን ማህተም እንምታበት አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ወር ያልሞላውን ፋይል ተሳስተናል ብለን ብንጽፍ ነገ ማን ሥራ ይሰጠናል? ሰኔ ላይ ዓመቱ ሲዘጋ በጸጥታ ይገባል።»

«እስከ ሰኔ እኮ እህቴ ሥራ የላትም። ሕጉ ደግሞ ከወለደች አራት ወር ሳይሞላት አታስወጧት ይላል።»

«እህትሽ ስለሆነች ነው ይሉሻል።»

ይህንኑ ፈርቼ አይደል ያጠፋሁት። በዚያች ቅጽበት ፍርሃቱ ለቀቀኝ መሰለኝ። ማህተሙን ተዉት፣ እኔ በስሜ እጽፋለሁ አልኳቸው።

«የምትሠሪው ለዚህ ቢሮ ነው ለእህትሽ?»

«ለሕጉ» አልኩ። ሲነገር እንዲህ ያምራል እንጂ ስናገር የማየው በሩን ነበር።

«እንግዲያው ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ» አሉኝ። እስከ መቼ እንደሆነ አላሉም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ውሌን እንዳላይ ውል የለኝም፤ ያን ሁሉ ሰው ሳፈርም ለራሴ የፈረምኩት አንድ ወረቀት አልነበረም። ሳቂ፣ ግን ስፌትሽን እየጠበቅሽ። እና ስለ ቢሮው አትጨነቂ፤ ለእማዬም ምንም አትበያት።

በማግስቱ ወረቀቴን ይዤ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሂንድ ሠራተኛዎ ናት፣ ውል ባይጻፍላትም ናት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባኋት እኔ ነኝ ይላል። ሁለቴ አነበቡት።

«ማህተሙስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ይሄ ለኔ ምን ይሆነኛል?»

«ስሜ አለበት፣ ሐጂ።»

ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ጀቤሳ ከምድጃው ዘንድ እንጨት መጨመሩን ትቶ ያዳምጣል። ከዚያ ሐጂ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ። «ለመሆኑ መቼ ጀመረች ብለሽ ነው የምትጽፊው?»

እኔ አላውቀውም ነበር። አንቺ ሥራ ስትጀምሪ እኔ ልጅ ነበርኩ። የማውቀው ማታ ማታ የዳቦ ሽታ ይዘሽ መግባትሽን ነው።

«እናቴ የሞተች ዕለት ነው» አሉ ሐጂ። «ለተዝያ ለቅሶ ሊደርሰን ሰው ጎረፈ፣ ዳቦ አለቀብን። አንዲት ቀጭን ልጅ ከጎረቤት መጣች፣ ማንም ሳይጠራት እጇን ታጥባ ሊጡ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ አልወጣችም።»

«ቀኑን ያስታውሱታል?»

«የእናቴ ቀን ይጠፋኛል እንዴ?»

ስለዚህ ውልሽ ላይ የሥራ መጀመሪያ ተብሎ የተጻፈው ሐጂ እናታቸውን ያጡበት ቀን ነው። ሁለት ቅጂ ፌስታሉ ውስጥ አለ። ሐጂ ፈርመውበታል። ሲፈርሙ ምን አሉ መሰለሽ፣ «ሌላውን ሁሉ በዝምታ አስተካክለን ኖርን፤ ይቺን ብቻ ዝምታ አበላሸብን።» የጡረታሽ ጉዳይ ግን ወደኋላ ተመልሶ መስተካከል ስላለበት ገና ነው፤ እሱን እኔ እከታተለዋለሁ።

ያላስተካከልኩት ሩፈይዳን ነው። ውሏ ጊዜያዊ ሆኖ መለወጥ አለበት ስላት ሽርጧን ፈታ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሂንድ ቦታዬን አሙቂልኝ ብላኝ ነው የገባሁት። ሰው ቦታ የቀማሁ ያስመሰልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አክስቷ ጋር አጋሮ ሄዳለች፤ ቡናው ደርሷል፣ ሰው ይፈለጋል። ጁምዓ ከሰዓት ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ካልሰማችኝም ደግሜ እሄዳለሁ። አንቺም ሁለት መስመር ብትጽፊላት ደስ ይላታል፣ አንቺን ነው የምትሰማው።

እሷ ስትሄድ መስኮቱ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ሐጂ ጠረጴዛውን አይተው «እሺ፣ ሕጉን ጨረስን። ዳቦውን ማን ያድበልብል?» አሉ።

ስለዚህ አሁን ይህን የምጽፍልሽ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ነጭ አሻራ ይቅርታ፤ ታጥቤ ነበር ግን አይለቅም። ሱብሒ ሰግጄ እገባለሁ። ጀቤሳ «ዲግሪ ሲቦካ እንዲህ ነው ለካ» እያለ ይገድለኛል። ትናንት አንዲት ሴትዮ ዳቦዬን ገልበጥ አድርገው አይተው «ይሄን ማን ረገጠው?» አሉኝ። የእጄ አንጓ ላይ ትሪ አቃጥሎኛል፤ ትንሽ ነው። አንቺ ክንድ ላይ እንዲህ ያለ ሦስት ጠባሳ አለ። ከልጅነቴ አየዋለሁ፣ ከምን እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ጓንት ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ብዬ ሐጂን ሳስገዛቸው ያኔ እንኳ ስላንቺ ክንድ አላሰብኩም ነበር።

ምኞቴ አልሞተም፣ እንዳታዝኚ። ልብስ ሰፊው ሰውዬ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ስለ ሙከራ ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሰልፉን አስቁሜ አስረዳሁት፣ ከኋላው ያሉት ተቆጡ። አንድ ቀን እዚሁ ሄርማታ ትንሽ ቢሮ እከፍታለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ግን ተለውጧል። ስም ከመጻፌ በፊት «ዛሬ እዚህ የሌለ ማን አለ?» እላለሁ።

አሁን የማስቸግርሽ ነገር። ሁለቱንም ቅጂ ፈርሚ፣ አንዱን ደብተርሽ ውስጥ አስቀምጪ፣ አንዱን መልሺልኝ። ከጤና ጣቢያው የወለድሽበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ሀቢቡላህ ያውጣልሽ፤ ያለሱ ፈቃድሽን ፔሮሉ ላይ ማስገባት አልችልም። ደሬሳ ሰኞ ሲመለስ ይዞልኝ ይምጣ። ማሎ፣ እባክሽ፣ ሰኞ እንዳያልፍ።

ውሉን ስታዪ ከሥሩ ሌላ አጭር ወረቀት አለ፣ እሱን አትፈርሚም፣ እንድታዪው ብቻ ነው። የኔ ነው። በሕይወቴ የፈረምኩት የመጀመሪያ የሥራ ውል። «የምትተካው ሠራተኛ» በሚለው ላይ ስምሽን ጽፌያለሁ። «ውሉ የሚያበቃው» በሚለው ላይ ደግሞ ሂንድ ስትመለስ ይላል።

ስለዚህ ቸኩለሽ እንዳትመጪ። ዘጠና ቀንሽን ሙሉውን ተኚ፣ ገንፎሽን ብዪ፣ ባህሪያን እያሸተትሽ ቁጭ በይ። ቀድመሽ ከመጣሽ ከሥራ የምታስወጪው እኔን ነው።

አላህ ወገብሽን ያጽናው፣ ባህሪያን በዕድሜ ያሳድግልሽ፣ እማዬን ያቆይልን። በኔ ምክንያት ያዘንሽውን ሁሉ አውፍ በይኝ።

ቦታሽን ይዛ የምትጠብቅሽ እህትሽ፣
ከውሰር