ማርዬ፣ የጀልባህ ሞተር ተነሳ

ውዴ ማሩ፣

የጓንግ ወንዝ ያለ አንተ ሲሞላና ሲጎድል ሳይ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ቀብርህ ላይ የቆመው ሰው ከተበተነ ጀምሮ ልጽፍልህ አስባለሁ፤ የምነግርህ ደግ ወሬ ሲጠፋብኝ ግን እተወዋለሁ። አሁን ደግ ወሬ አለኝ። ሞተርህ ተነስቷል። ተነስቶ ዝም ብሎ አይጮህም፤ ሰው ያሻግራል።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። ልጃችን ሰናይት አስተማሪ ሆናለች። የደረሳት ገለጉ ነው፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሯ ነው የምትደርሰው። ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ ትመጣለች። አንተን መምሰሏ ብሶባታል፤ ስታስብ እንደ አንተ ጆሮዋን ትጎትታለች። የተከልከው የኒም ዛፍ ከጣራው አልፎ ግቢውን በሙሉ አጥልቶታል። እኔም ደህና ነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ከበደኝ፤ ወባውም፣ ሙቀቱም፣ የቤቱ ዝምታም ተባበረብኝ። አሁን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲያስቁኝም እስቃለሁ።

ሞተሩን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ጠልቼው ነበር። ገላባት ካለው ሱዳናዊ ወዳጅህ ከዐም ኢድሪስ ወስደህ በአህያ ጋሪ ጭነህ ስታመጣው፣ «አንተ ትራክተር ጠጋኝ ነህ፤ ወንዝ ምን ቤትህ ነው?» ብዬ የተቆጣሁህን አልረሳሁትም። ሸሕዲ ወስደህ ጀልባዋን በላሜራ ስታስበይድ ደግሞ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። አንተ ግን፣ «እናንዬ፣ ማዶ ያሉት ሰዎች ክረምቱን በሙሉ ታስረው ይክረሙ?» አልከኝና ወደ ሥራህ ተመለስክ። ነገሩ እውነት ነበር። ወንዙ ሲሞላ ከማዶ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ ያሉት አራሚዎች ወባ ቢይዛቸው ጤና ጣቢያ የሚደርሱበት መንገድ አልነበራቸውም። በድልድዩ እንዞራለን ቢሉ ዙሪያው ጭቃ ነው፤ ትራክተር እንኳ ይሰምጥበታል።

አንተ ስትሞት ሞተሩን በጆንያ ጠቀለልኩት። ከኒሙ ሥር ከእንጨት መቆሚያው ጋር ጠፍሬ አሰርኩት። የመጀመሪያው ክረምት ሰዎች መጥተው ለመኑኝ። «የሚነዳው የለም» አልኳቸው። ደግሞም አልነበረም። እውነቱ ግን ሌላ ነው ማርዬ፤ አንተ የሌለህበትን ድምፁን መስማት ስላልፈለግሁ ነው።

ዓምና አራሚዎቹ ባዶ በርሜሎች አንድ ላይ አስረው በገመድ እየተሳቡ መሻገር ጀመሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች ሲሻገሩ ደራሽ ጎርፍ መጣና ገመዱን በጠሰው። ሁለቱን ውሃው ዳር ላይ ጣላቸው። ሦስተኛውን ወሰደው። ከወሎ ለአረም የመጣ ሰው ነበር፤ እዚህ ዘመድ ስላልነበረው የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አለቀሰለት። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ግን የማስበው ግቢዬ ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ የቆመውን ነገር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን መስበር ጀመርኩ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ሰናይት እንደመጣች ጆንያውን ቀደድኩት። በመጀመሪያ ከአብደራፊ የመጣ የትራክተር መካኒክ ለምነን አሳየነው። አሥር ጊዜ ያህል ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ለማቃሰት እንኳ አልሞከረም። «እትዬ፣ ይሄ አብቅቶለታል፤ ለብረት ሰብሳቢ ይስጡት» ብሎኝ እጁን ታጥቦ ሄደ። አልተቀየምኩትም። እሱ የሚያውቀው ናፍጣ የሚጠጣውን ትልቁን ነው። ያንተ ሞተር ግን የራሱ የዘይት ቋት የለውም፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለህ ነው የምታጠጣው። ይህን እንኳ ሳይጠይቅ ነው የሄደው። ይህን ሳስብ ደንገጥ አልኩ። ለካ እኔ አውቃለሁ!

እንዴት እንዳወቅሁ ታስታውሳለህ? በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይንህ ቅርቡን አላይ ሲልህ፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር በፈታህ ቁጥር ትጠራኝ ነበር። «እናኑ፣ ነይ ቀዳዳዋን እይልኝ። ንጹሕ ናት? ብርሃን ታሳልፋለች?» እኔም ወጡ እያረረብኝ፣ እያጉረመረምኩ መጥቼ በአንድ ዓይኔ አይልህ ነበር። እየፈታህ ስሙን ትነግረኛለህ፣ እኔ ሳላዳምጥ እሰማሃለሁ። ዓይኔን ያዋስኩህ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ አንተ እጅህን እያወረስከኝ ኖሯል።

እናም በማግስቱ ጠዋት መፍቻህንና ካቻቢቴህን አውጥቼ ከኒሙ ሥር ሸራ አነጠፍኩ። ሰናይት የምፈታውን ሁሉ በተፈታበት ቅደም ተከተል ትደረድርልኛለች። እሳት የሚጭረው ካንዴላ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር፤ በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁትና ከብረቱ ጋር አስጠግቼ ይዤ ሰናይት ገመዱን ስትስብ ሰማያዊ እሳት ተፋ። ልጅህ እልል አለች። እኔ ግን «ቆይ» አልኳት፤ እሳቱ ካለ፣ ጎሎ የነበረው ቤንዚኑ ነው ማለት ነው።

ካርቡሬተሩን ስከፍተው ውስጡ የከረመው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቆበታል። ያቺ ቀጭን ቀዳዳ ጭራሽ አትታይም። መርፌ ላስገባባት አልኩና የአንተ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «በብረት እንዳትነኪያት! ከሰፋች ሞተሩ ሆዳም ይሆናል።» ከአሮጌ የመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት ፀጉር የምታህል መዳብ መዘዝኩ። በንጹሕ ቤንዚን እየነከርኩ፣ እየነፋሁ፣ እንደገና እየነከርኩ ቆየሁ። ወደ ፀሐይ አቅንቼ ባየኋት ጊዜ ብርሃን አሳለፈች። ማርዬ፣ አንተን መጥራት አማረኝ። «ታሳልፋለች!» ልልህ አፌን ከፍቼ ነበር።

በሃያ አምስት ኩባያ ቤንዚን አንድ ኩባያ ዘይት፣ አንተ እንደለመድከው ሰፈርኩ። ሞተሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አቁመን ሰናይት ሳበች። በአራተኛው ተነሳ! ነጭ ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ የጎረቤት ዶሮዎች ተበተኑ፣ ልጅህ ጮኸች፣ እኔ አለቀስኩ። ለቅሶዬን ሳልጨርስ ግን ጎኑን አየሁ። እዚያ ጋ መውጣት ያለባት ቀጭን የውሃ ክር የለችም። «ውሃ ካልተፋ ወዲያው አጥፊው፤ ሙቀቱ ይፈጀዋል» ትለኝ አልነበር? አጠፋሁት። የውሃ መሳቢያውን ስፈታ ክንፍ ክንፍ ያለው ጎማ ደርቆ፣ ተኮማትሮ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ጎማ ሸሕዲም መተማም የለም።

ዐም ኢድሪስን አስጠራሁት። አርጅቷል ማርዬ፤ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚራመደው። ለቅሶህን ሊደርስ ከገላባት በእግሩ መጥቶ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም። የተኮማተረውን ጎማ እጁ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ቆይ» ብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ በመሐረብ የተጠቀለለ ጎማ ይዞ መጣ። ከገዳሪፍ ያስመጣው መስሎኝ ስመርቀው ሳያርመኝ ምርቃቴን ተቀበለ። በኋላ ሰናይት ስትጠይቀው ነው እውነቱ የወጣው፤ ከራሱ ሞተር ፈትቶ ነው ያመጣልኝ። «ለምን?» አልኩት፤ አዘንኩም፣ ተቆጣሁም። «እኔ ወንዝ መውረድ ኻላስ፣ አብቅቷል። ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ማሩ ወንድሜ ነው። ከሁለቱ ሞተር አንዱ ይዳን» አለኝ። ያን ጎማ አስገብቼ ሞተሩን አስነሳሁት። ሞተሩ ውሃውን ሲተፋ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ቀጭኗን ክር ነካት፤ ፊቱንም አበሰባት።

ወንዙ ላይ የወረድነው ደራሹ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። አትስጋ፣ ሞኝ አልሆንኩም። ጀልባዋን በረጅም ገመድ ከዳር ካለው ዛፍ ጋር አስሬ፣ ባዶ ጀሪካን በወገቤ አስሬ ነው የሞከርኩት። ጥሩ ሄደልኝ። መሐል ስደርስ ግን ሞተሩ አሳለና ጸጥ አለ። ውሃው ጀልባዋን ያዞራት ጀመር። ዳር ያሉት ሰዎች በገመዱ ጎትተው አወጡኝ። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና መሐል ላይ ሞተ። ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ አየሁ። አንዱማ «የሴት እጅ ነክቶት» ሲል ሰማሁት።

ተቀምጬ አሰብኩ። ሲነሳ ደህና ነው፤ ጥቂት ሠርቶ ነው የሚሞተው። ቤንዚኑን ልይ ብዬ የቋቱን ክዳን ስከፍት አየር «እፍ» ብሎ ገባ። ያኔ ገባኝ! ክዳኑ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ተርብ በጭቃ ደፍኗታል። ቋቱ አየር ካላስገባ ቤንዚን አይለቅም። በክረምቱ በሙሉ ያልሳቅሁትን ያን ቀን ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። በዚያች መዳብ ጠረግኋትና ተነሳሁ። ሞተርህ ሄደ፣ ደረሰ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ከሞከርኩ በኋላ ነው ገመዱን የፈታሁት።

ማዶ ስደርስ አንድ ከጎንደር የመጣ ባለ እርሻ በሽተኞቹን ይዞ ይጠብቃል። ጀልባዋ ውስጥ አየና፣ «ነጂው የት አለ?» አለኝ። «እያናገሩኝ ነው» አልኩት። ሁለት ወባ የያዛቸውና አንዲት ሕፃን ያዘለች ወጥ ሠሪ ተሳፈሩ። አራተኛው ጤነኛ ነበር፤ በሽተኞቹን ሊደግፍ ነው የመጣው። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል ተሻገረ። ዳር ወጥቶ ሞተሩን ቁልቁል አየውና፣ «ይችን ዓምና ባገኘናት ኖሮ» አለ፤ በወሎ አነጋገር፣ ቀስ ብሎ። ዓምና ወንዙ ዳር ከጣላቸው ከሁለቱ አንዱ ነበር።

«ይቅር በለኝ፤ ቤቴ ነበረች» አልኩት። ከዚያ ጀልባዋን ከጭቃው ለማውጣት ትከሻውን ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አረም በሌለበት ቀን ሁሉ መጥቶ ገመድ ይይዝልኛል። ሰውየውን ያላሻገርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እሸከመዋለሁ። ግን ዘንድሮ ጓንግ ከእኛ በኩል አንድም ሰው አልወሰደም ማርዬ።

ስለዚህ ላመሰግንህ ነው የጻፍኩልህ። ሳኮርፍህ ስላላኮረፍከኝ። ወጥ እያሳረርክም ቢሆን ስለጠራኸኝ። ዐም ኢድሪስን የመሰለ ወንድም ስለተውክልኝ። ሰው ዘመዱ ሲሞት ምን ተረፈኝ እያለ ያለቅሳል፤ እኔ የተረፈኝ ብዙ ነው።

እንደማልረሳህ ቃል መግባት አያስፈልገኝም፤ የምሰጥህ ቃል ሌላ ነው። የተሻገረ ሰው ሁሉ ደረቅ መሬት ሲረግጥ ዞሮ «እግዜር ይስጥሽ» ይለኛል። እኔም እያንዳንዱን፣ «ማሩ ለሚባል ሰው ነፍስ ይማር በልልኝ» እለዋለሁ። ይላሉ። ከጎጃም የመጣው፣ ከወሎ የመጣው፣ ፊትህን አይቶ የማያውቀው ሁሉ ስምህን ጠርቶ ነፍስ ይማር ይልሃል። ክንዴ ያን ገመድ መሳብ እስኪያቅተው ድረስ፣ ከዚያም ሰናይት ስትስበው፣ አንድም ሰው ነፍስ ይማር ሳይልህ አያልፍም።

ሚስትህ እናኑ