የእስኩቴሶች ስም ከየት መጣ?

ለእትዬ፦ ጤናሽ እንደ ጉራዬ የበዛ ይሁን። ይህን ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ በማታ ትምህርት ፊደል ሁሉ ሰጥ ለጥ ብሎ ተገዝቶልኛል።

መምህራችን ስለ ጥንት ፈረሰኞች አስተማሩን። ግሪኮች እስኩቴስ፣ ፋርሶች ሳካ ይሏቸው ነበር። «ስሙ ከየት መጣ?» ብዬ ሰቅዤ ያዝኳቸው።

«ቀስተኛ ማለት ነው የሚሉ አሉ» አሉኝ።

«እነሱስ ራሳቸውን ማን ይሉ ነበር?» ስል ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ግሪኮች እንደጻፉት፣ ስኮሎቶይ።»

ይህን ለአባባ ስነግረው በጉጉት አዳመጠኝና፣ ጢሜን እያየ በአንቺ ስም ጠራኝ። «አቤት» አልኩት። እማማንም «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያው ቆየች።

እትዬ፣ የዘንድሮ እረፍትሽን ቀደም አድርጊው። ስትመጪ እስኪጠራሽ አትጠብቂ፤ ስምሽን ቀድመሽ ንገሪው።

ደህና ሁኚልኝ፤

በጣቱ ሳይሆን በብዕር የሚፈርመው ወንድምሽ